እዚችው ናት

ከእንየው ጌም ቤት፣ ሞጣ፣ በሰዓት ሃያ ብር፣
ዓለም እገዛለሁ፣ ዳር እስከ ዳር ድንበር።
ግን ምን ያደርግልኛል ሜዳው ቢንጣለል፣
«በዚህ ሂድ» የሚል ቀስት ፊቴ ሲንቀለቀል፣
ገና ሳልደርስበት ተራራው ተቆጥሮ፣
ሳጥኑ በምልክት ካርታ ላይ ተሰድሮ?
ይኼ ፍለጋ አይደል፤ የገበያ ዝርዝር ነው፤
ሚስቱ የጻፈችለትን ይዞ እንደሚዞር ሰው።
በር አለ፣ አይከፈት፤ ቤት አለ፣ ሰው የለ፤
ያገኘሁት ሁሉ ያንኑ እያለ።

እኔ ጌም ብሠራ ካርታ አልሰጥም ለሰው፤
መንገድ ዳር አንድ ገበሬ ነው የማቆመው፣
በአገጩ ጠቁሞ «እዚችው ናት» የሚለው።
እዚችው ያላትም ግማሽ ቀን ትፈጃለች፣
ወንዝ ታሻግራለች፣ ጭቃ ታስበላለች።
ደርሰህም ሽልማት፣ ነጥብም አይኖርም፤
ምንጭ ብቻ፤ እሱንም ማንም አልነገረህም።

ይኼን ስል መብራት ሄደ፤ ሴቭ አላደረግሁም።
እንየው ሳቀ ብቻ፤ ለሱ አዲስ አይደለም።
«ከጓሮዬ ጀርባ ቁልቁል የምትወርድ፣
የት ነው የምትደርስ ያች የከብት መንገድ?»

አላውቅም። ተወልጄ፣ አድጌ እዚሁ ሞጣ፣
አሥራ ዘጠኝ ዓመት በዚያ ስሄድ፣ ስመጣ፣
አላውቅም።

ስምንት ብር መልሴን ቆጥሮ ሲመልሰው፣
«እሱስ ይቅር» አልሁት። «መጨረሻውን፣ እንየው።»