የእረፍት ምልክት

እኔ ገልባጭ ነበርኩ።
እሱ በእርሳስ ጭሮ የጣለውን ኖታ
በቀለም አጥርቼ
ለየቫዮሊኑ የማድል በተርታ።
ደመወዜ በገጽ፣ እንቅልፌ በመስመር፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ከቪበ ጋር ስኖር፤
ስኖር ማለቴ እንኳ በአንድ ጣራ አይደለም፣
በአንድ ወረቀት ላይ፣ በእርሳስና ቀለም።

ሃርሊንገን ወደብ ላይ፣ ጨው በሚረጭ ንፋስ፣
አባቱ በጡብ ደብር ኦርጋን መቺ ነበር፣ ሳቅ የማይቀምስ።
ልጁን በሰባቱ ወንበር ላይ ሰቀለው፤
እግሩ ለፔዳሉ አልደርስ ቢለው
ከጫማው ሥር ሁለት እንጨት ቸነከረለት፤
"ጣት ይጸልያል እንጂ አይጨፍርም" አለው በዚያች ዕለት።

ጣት ግን መች ይሰማል?
ከመርከበኛ የገዛት ራዲዮ፣ ትራስ ሥር ተደብቃ፣
ከባሕር ማዶ ጊታር ስታስጮህ ሌሊቱ እስኪነቃ፣
የአባቱን ፉጋ ወሰደና
ከበሮ ጨመረባት፤
ጊታርም፣ ጭስም፣ ረጅም ጸጉርም ተከተላት።

አራት ሆነው በአሮጌ የዳቦ መኪና
ዝዎለ፣ ኤንስኸዴ፣ በጭቃ ጎዳና።
የጭፈራ ቤቱ ደረጃ ጠባብ፣
ኦርጋኑ ሁለት ኩንታል፤
"ይህን የሬሳ ሣጥን ማን ሽቅብ ያወጣል?"
ይላል ባለ ከበሮው ሌንደርት፣ ላቡን እየጠረገ።
ያወጡታል ግን።
ጎፈሬው ወጣት ሁሉ ቢራውን እንደያዘ
የሰንበት ዝማሬ ሰማ ሳያውቀው፣ በኤሌክትሪክ የተጠመዘዘ።

አባትየው አንድ ምሽት መጣ። ከኋላ ቆመ፣ ባርኔጣውን ሳያወልቅ፤
ሳያጨበጭብ ወጣ፣ ዜማው ሳያልቅ።
በሳምንቱ ፖስታ ካርድ፦ "ሁለተኛው ዜማ፣ አርባኛው መስፈሪያ ላይ፣
ባሱና መሪው ድምፅ በአምስተኛ አብረው ይሄዳሉ። ነውር ነው። ይታይ።"
ሰላምታ የለበትም።
ቪበ አረመው። ካርዷን ከቦርሳው አልለያትም።

ከዚያ ባንዱ፣ እንደ ባንዶች ሁሉ፣ በገንዘብና በሴት ፈረሰ፤
ቪበ ሂልቨርሱም ገብቶ የሌሎችን ዘፈን አለበሰ።
ያ አገር የሚያፏጨው የቼሎ መግቢያ ከእሱ ነው፣ ከደሙ፤
ሸክላው ጀርባ ፈልጉት፣ ከአታሚው አድራሻ ሥር፣ ትንኝ ታህላለች ስሙ።
የሙሽራዋን ዓይን ሁሉም ሰው ያደንቃል፤
የኳለቻትንስ ማን ብሎ ይጠይቃል?
አንዴ ታክሲ ነጂ ያንኑ ሲያፏጭ፣
"ሰባተኛዋ ግማሽ ዝቅ ትላለች" አለው፤
"አንተ ደግሞ ከየት ታውቃለህ?" ብሎ ገላመጠው።
ጉርሻ ጨምሮ ከፈለው።

ኖታ ማንም ይጽፋል፣ ይል ነበር፤ ከባዱ እረፍት ነው።
እኔ በጀማሪነቴ ባዶ ቦታ አይቼ፣
የረሳ መስሎኝ ሞላሁት።
ያን ቀን ብቻ ጮኸብኝ፦
"የተውኩትንም ጽፌዋለሁ!"

በረዶ በጣለበት ወር፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ፣
አሥራ አንድ ሰው በሚመጣባት የባሕር አፋፍ ደብር
ከኦርጋኑ ፊት ተቀመጠ።
የመጨረሻውን ወረቀት ከዚያ ላከልኝ፤
ለአራት አውታር፣ አጭር፤
መዝጊያዋ ላይ የእረፍት ምልክት፣ ከበላይዋ ነጥብና ቅስት።
ርዝመቷን አልጻፈም።
እርሳሱ ሳስቶ ነበርና ሁለቴ አጠቆርኳት።

መጋቢት ላይ ልጁ የልቸ ደወለች።
"አረፈ" አለች።
እኔም፣ የሙያ ነገር፣ ብዕሬን አንስቼ፣
"ስንት ምት?" አልኳት።