የጉዞው ምክንያት

በነሐሴ ስብሰባ፣ ጦሳ ጉም ለብሶ ሳለ፣
«ቅድሚያ የሚሰጠው የትኛው ዘርፍ ነው?» ተባለ።
ዳምጠው ተነሳና «አፈር ነው!» ብሎ ጀመረ፣
በፌስታል ያመጣውን ጠረጴዛው ላይ ደረደረ።
ሲስተር ጦይባ «ጤና ነው፤ ሬሳ አያርስም» አለች፤
ሩሃማ «ውሃ!» ስትል ብርጭቆዋን አነሳች።
ዶክተር አልማው ስለ አለት አንድ ሰዓት ተናገረ፤
የቋንቋው መምህር ገብረየስ ግን፣ የቦታ ስም የሚለቅመው፣
ተራው ሳይደርስ የሻይ ሰዓት ደረሰና ቀረ።

እኔ በር ላይ ነበርኩ፤ ሾፌር ወንበር የለውም።
ያን ቀን አንድ ነገር ገባኝ፣ እስካሁንም አልወጣም፦
ዘርፍ ማለት የጋቢ ጫፍ ነው፣ የተንጠለጠለ ክር፤
ስለ ጫፉ ሲሟገቱ፣ ስለ ጋቢው ማን ይናገር?

ያስታረቃቸው ምሁር አይደለም፣ የነዳጅ እጥረት ነው።
አምስት ጥናት፣ አምስት በጀት፣ ፒካፑ ግን አንድ ነው።
ሩሃማ ከፊት፣ ሦስቱ ከኋላ ተጫኑ፤
ገብረየስ ከመሰርሰሪያው ጋር ከሸራው ስር ሆኑ።
መሪውን የያዝኩት እኔ፣
ወረቀቱ ላይ ግን «የቡድኑ መሪ» ሌላ ሰው።
ሐረጎን ስንወርድ፣ በየጥምዝምዙ፣
የአንዱ ክርን በሌላው ጎን፣
ሳይወዱ በግድ ዘርፎቹ ተያያዙ።

ከኮምቦልቻ አለፍ ብሎ፣ ጭቃው ጎማ ከሚውጥበት፣
ከወይዘሮ ዘሀራ ይማም ግቢ ደረስን፣ ግድግዳው ከተሰነጠቀበት።
ዳምጠው «ማሽላው ለምን ቢጫ ሆነ?» ብሎ ማሳው ውስጥ ገባ፤
ጦይባ የልጆቹን ተቅማጥ በጣቷ ቆጠረች።
ሩሃማ ምንጩን አየች፤ ካምናው በአሥር ክንድ ሸሽቷል፤
አልማው ግድግዳውን ለክቶ «ሁለት ጣት» ብሎ ጽፏል።
አራት ደብተር ተከፈተ፤ አራቱም ጀርባ ተሰጣጡ።
ገብረየስ ብቻ፣ ጭድ ጸጉሩ ላይ እንደተሰካ፣
«እማማ፣ የዚህ ኮረብታ ስሙ ማን ነው?» አለ።
«አይተኛ» አሉት።
«ለምን?»
«እኔ ተድሬ ስመጣም ስሙ ይኸው ነው።
ባለቤቴን በጠየቅከው። እሱ ግን ተኛ።»

እኔ ለጎማ ታኮ ድንጋይ ፈልጌ ጣልኩ።
ሰመጠ።
ሌላ ጨመርኩ። እሱም ሰመጠ።
ጆሮዬን ወደ መሬት ሳስጠጋ ከስር ውሃ ይሄዳል።
ጠራኋቸው።
ሣሩን ስንገልጠው ስንጥቁ ከኮረብታው ወርዶ፣
በግድግዳው ስር አልፎ፣ የመጸዳጃውን ጉድጓድ ቀዶ፣
ማሳውን ለሁለት ከፍሎ
ምንጩ ጋ ይደርሳል።
የማሽላው ነገር እሱ፣ ተቅማጡ እሱ፣ የሸሸው ውሃ እሱ፤
አልማው ባርኔጣውን አውልቆ «አይተኛ» አለ ለራሱ።

ስንመለስ መሸ። ቅጹን በጓዳዊው መብራት ሊሞሉ፣
«ዋናው ዘርፍ፣ አንዱን ብቻ ይምረጡ» ከሚለው ላይ ቆሙ።
ብዕሩ ከእጅ እጅ ዞረ፤ ምልክት ያኖረ አልነበር፤
ገብረየስ አሁን ከውስጥ ነው፣ ጭኑ ላይ የዳምጠው አፈር።
ዳምጠው ነው ዝምታውን የሰበረው፦
«ግን… ጽሑፉ ላይ የማን ስም ይቀድማል?»
እስከ ሐረጎ አናት ድረስ የተናገረ ሞተሩ ብቻ ነው።

ወይዘሮ ዘሀራ በመጨረሻ የጠየቁት፣
«መቼ ትመለሳላችሁ?»፣
ቅጹ ላይ ሳጥን የለውም።

ግቢ ደርሼ ቁልፍ ሳስረክብ የመውጫ ወረቀቴን ሞላሁ፦
ኪሎሜትር። ሊትር። ሰዓት።
«የጉዞው ምክንያት» ከሚለው ፊት
ሁልጊዜ «ለመስክ ሥራ» ነበር የምለው፤
ዛሬ «አንድ ስንጥቅ» ብዬ ጻፍኩ።
የስምሪት ኃላፊው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ፤
«ይህ ምክንያት አይሆንም። ዘርፉን ጻፍ» አሉኝ።
በቃሉ በኩል ሰማዩ አጉረመረመ።
ብዕሩን ተቀብዬ ከስሩ ጨመርኩ፦
ለነገም ነዳጅ ይፈቀድ፤ ያው መኪና፣ እነዚያው አምስት ሰዎች።