ማዶ

ሁለት መንደር አለን፣ ባሕር የለያየው፣
አንዱ ካንዱ ጣራ ጭሱን የሚያየው፤
በፋሮ ደሴቶች፣ ዛፍ በማይበቅልበት፣
በጉ ከሰው በልጦ ገደል በሚግጥበት።

ራንቫ እባላለሁ። ከወዲህ ነኝ እኔ።
ማዶን ያወቅኩት ገና በሕፃን ዓይኔ፦
"ማዶ ሰው የለም" ይል ነበር አባቴ፣ "ያሉት ማዶዎች ናቸው፤
ልክ እንደ ዓሣ መንጋ፣ አንዱ ከሌላው አይለይም መልካቸው።"

እኛ ግን፣ እኛማ፣ እያንዳንዳችን ሰው ነን፤
ትሮንዱር አለ፣ ከበጎቹ ጋር የሚያወራ፤
ሱኔቫ አለች፣ ሳቋ መስኮት የሚያንቀጠቅጥ፣ ባሏን የማትፈራ፤
ወንድሜ ሆግኒ አለ፣ ጀልባ እንጂ ወሬ የማይሠራ።

ትሮንዱር የሰው በግ አርዶ የተገኘ ጊዜ
"ክረምቱ ጠና፣ ልጆቹስ ምን ይብሉ?" ተባባልን፤
ከማዶ አንዱ ሲያርድ ግን፣ "ድሮስ! ደማቸው ነው" አልን።
እኛ ስንሰክር ሐዘን፣ እነሱ ሲሰክሩ አመል፤
እኛ ስንረዳ ደግነት፣ እነሱ ሲረዱ — ምን ሊያገኙ? — ተንኮል።

በሃያ ዓመቴ ቦጊን አገባሁ። ቦጊ ማዶ ነው።
እናቴ ሦስት ቀን አልቅሳ፣ "ይሁን፤ እሱስ ከነሱ የተለየ ነው"
አለች።
ከነሱ የተለየች። አማቴም ስለ እኔ ያንኑ አለች በሠርጌ ማታ፤
ሆግኒ ሊጠይቀኝ መጥቶ ሲሄድ ግን
ማንኪያ ስትቆጥር አየኋት፣ ጀርባዋን ሰጥታ።
አልተቀየምኩም። እናቴም፣ ቦጊ በወጣ ቁጥር፣ ትቆጥር ነበር፤
አሥራ ሁለት። አሥራ ሁለት።
ባሕር ተሻግሮ የሚገጥም ቁጥር።

ለካ እዚህም ከበጎቹ ጋር የሚያወራ ሰው አለ፤
ስሙን እስክጠይቅ ድረስ ግን ለዓይኔ ዓሣ መሰለ።

አርባ ዓመት ሄደ። አማቴን ቀበርኩ፣ ከሰው ሁሉ በላይ አልቅሼ።
ትናንት ሆግኒ መጣ፣ ሽማግሌ ሆኖ፣ የደረቀ ሥጋ ይዞ፤
እስከ ጀልባው ሸኘሁት፣ ሻሌን ለብሼ።
ተመልሼ ሻይ ቀዳሁ። ጉሙ ማዶን ውጦታል።
የልጅ ልጄ ጠየቀችኝ፦ "አያቴ፣ ለምን ቶሎ ሄደ?"
"እነሱ እንዲህ ናቸው" አልኳት — ምላሴ ብቻውን ነጎደ።

"እነማን?" አለች።

መልስ አልነበረኝም። እጄ ግን መሳቢያውን ስቦ ይቆጥር ጀመር፤
ዘጠኝ፣ አሥር፣ አሥራ አንድ...
አሥራ ሁለተኛዋ
ከገዛ ሲኒዬ ውስጥ ቆማለች፤
ስኳሩ ገና አልሟሟም ነበር።