አንዲት ፊደል፣ አሽዶድ ላይ

ሰሊጤ አሽዶድ ከገባ ዛሬ ዘጠኝ ቀኑ፤
በወደቡ ፀሐይ ይግላል ሣጥኑ።
የቆመበት ኪራይ በሰቅል ይቆጥራል፤
ባሕሩ ሥራ ፈት፣ ግንቡን ይቧጥራል።

ባንክ ቤት ዮኼቬድ መነጽሯን ገፍታ፦
«መተማመኛው ላይ አንጓች ነሽ፣ አንጓች ወረታ፤
የመርከቡ ወረቀት ግን አንጋች ይላል» አለች።
በፈረንጅ ፊደል አንዲት ድምፅ ጎድላ
እኔን ነጋዴዋን ጠመንጃ አስነገተች።
ሳቅሁ። እሷ አልሳቀች።

የጉምሩኩ ሰው ደግሞ ከስሜ ጉዳይ የለው፤
ጆንያውን በዘንግ ወግቶ፣ በመዳፉ ዘግኖ
ያሸታል፣ ያበጥራል፣ ነቀዝ ይፈልጋል፤
«ንጹሕ ነው» ይልና «ባንክሽስ?» ይለኛል።
ባንኩ ሳያይ ያምናል፣ ወረቀት ካማረ፤
ይኸኛው አይቶም ወረቀት ይጠብቃል።

አባቴ ሲነግድ ዋስ ማለት ሰው ነበረ፤
የሰው ፊት፣ የሰው አፍ።
ዋስ የሆነለት ሰው ሱዳን ገብቶ ቀረ፤
ሁለት ክረምት ሙሉ ቤታችን ገበረ።
ስለዚህ ዮኼቬድን አልራገምኩም፤
ቁጥሬን ይዤ ወረፋ ተቀመጥኩ።

በዐሥራ አንደኛው ቀን ፊደሌ ታረመች፤
መቶ ሰማንያ ዶላር ፈጀች።
የሣጥኑ በር ሲከፈት
ሰሊጡ የሑመራን ትኩሳት ተነፈሰብኝ።

ደረሰኙን አጥፌ ኪሴ ስከተው
ትዝ አለኝ፦
የአንደኛ ክፍል መምህርቴ እርሳሷን ቀርጻ
ሙሉ ስሜን ሰርዛ «ኦርና» ስትለኝ
በነጻ ነበረ፤
ደረሰኝም አልቆረጠችልኝ።