ካዝናው

ማክሰኞ ጠዋት ደወለችልኝ ሎሬታ፣ የከተማው ጸሐፊ፦
«ያን ካዝና ክፈትልን። ባለቤቱ ሞቷል፤
የማኅበሩ የመጨረሻ ሰው፣ ቁልፉን ሳይሰጥ አልፏል።»

አልዋሽም፣ ጣቶቼን አንዳች ነገር ወረራቸው።
በኦሃዮ ወንዝ ዳር፣ የብረት ምድጃቸው
ከበረደ ወዲህ በወሬ እሳት በሚሞቁ ሰዎች ከተማ
ያን ሕንፃ ያላየ የለም፣ ስለ እሱም ያልሰማ።

ጡብ ነው፣ ሦስት ፎቅ። በሩ ላይ ሦስት ፋኖስ ተቀርጾበታል፤
መስኮቱ ከውስጥ ጥቁር ቀለም ጠጥቷል።
ሐሙስ ሐሙስ ማታ ጥቁር ኮት የለበሱ ሽማግሎች ይገባሉ፤
ሳይስቁ ይወጣሉ።
የታየው ይኸው ነው። የቀረው የተወራ፦
ፋብሪካው ሲዘጋ እነሱ፣ ዳኛ ሲሾም እነሱ፣ ውኃው ሲደፈርስ የእነሱ ሥራ፤
ጎርፉንም የጠሩት።
ከጸጉር ቤት ወንበር እስከ መቃብር ደጃፍ
«እነሱ» ሲባል «እነማን?» ብሎ የጠየቀ የለም አንድም አፍ።

እኔስ? እኔም ስሰማ ደስ ይለኝ ነበር።
ቅኔ ያሳደገው ጆሮ አያርፍም፤ ሰሙን ብታቀብለው
ወርቁን አምጣ ይላል፣ ከሥሩ ቆፍረህ ካላሳየኸው።
አንዳንዱ ሰም ግን ሰም ነው፤ ጧፍ ይሆናል፣ በርቶ ያልቃል፤
ከሥሩ ምንም የለም። ይህን መዋጥ ያንቃል።

ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። ጆሮዬን ብረቱ ላይ ለጥፌ
የጥርሱን መግጠም አዳመጥሁ፣ ትንፋሼን ቆልፌ።
ከኋላዬ ደረጃው በሰው ጢም ብሏል።

ተከፈተ።

የጣሪያ ጥገና ደረሰኝ፣ ግማሹ ያልተከፈለ።
ቃለ ጉባኤ፦ «ሾርባው ጨው በዝቶበታል፤ በድምፅ ብልጫ ጸደቀ።»
የአንዲት ባልቴት የማገዶ ሒሳብ፣ አሥራ አንድ ክረምት የተሸፈነ፤
ስሟ በቀለም ተሰርዟል፣ እንዳታፍር።
በመሐረብ የተቋጠረ ሰው ሠራሽ ጥርስ።

ምሥጢራቸው ማርጀታቸው ነበር።

ዝም ተባለ። ወዲያው ከደረጃው ሥር አንዱ፦
«አሽሽተውታል! ዋናውን ሳጥን ይዘው ሄዱ!»
ሕዝቡ ተነፈሰ፣ እንደ ተፈታ ሰው።
ከዚያ በኋላ ባዶው ካዝና ራሱ ምስክር ሆነ።

ዳርሊን ኮቫች ብቻ አልጮኸችም።
ልጇ ዌስሊ በሰባት ዓመቱ ነው፣ በደም ካንሰር የሞተባት።
እያንዳንዱን ወረቀት ፊትና ጀርባውን ወደ ብርሃን አንሥታ አየች፤
የሾርባውንም፣ የጣሪያውንም።
ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ ቀስ ብላ፦
«ታዲያ ማነው?»

አያቴ ቀጥቃጭ ነበር። ማረሻ ሲስልላቸው ቀን ይመርቁታል፤
ልጅ የታመመ ሌሊት፣ ጅብ ሆኖ ይዞራል፣ ቡዳ ነው ይሉታል።
አንዲት እናት መጣች፣ የበረደ ልጇን በነጠላ አቅፋ፦
«ልቀቅልኝ» አለችው፣ ደጁ ላይ ተነጥፋ።
«አልነካሁም» አላለም። «እሺ፣ ለቅቄዋለሁ፤ ወስደሽ ቅበሪው» አላት፤
እንድታለቅስ ብሎ፣ የሚጠሉት ስም ሰጣት።
በማግሥቱ ቤቱን አነደዱት።

ዳርሊን ፊት ቆሜ ይህ ሁሉ በጉሮሮዬ አለፈ።
የሟቹ ሚስት ሁለት መንገድ ወዲያ ብቻዋን ትኖራለች፤
የመስኮቷ መስታወት ስስ ነው።
«ማንም» አልኋት።

«ማንም» ደጃፍ የለው፣ ድንጋይ የሚወረወርበት፤
ፊት የለው፣ ሌሊት ነቅተው የሚረግሙት።
እንደ ሰደብኋት አየችኝ።
ወረቀቶቹን ጠርዛቸውን አስተካክላ መለሰችና ወጣች።

ቅዳሜ መኪናዬ ላይ በጠመኔ ሦስት ፋኖስ ተሥሎ አገኘሁ።
አጠብሁት፤ ሁለቱ ለቀቁ።
ሐሙስ ማታ ሱቄን ዘግቼ ስወጣ
ከመንገዱ ማዶ አንድ ልጅ ቆሞ ይመለከተኛል።
ጥቁር ኮት ለብሻለሁ፣ ብርድ ስለ ሆነ።
ደግሞም አልሳቅሁም።