አርባ ሩብ

የስልክ አስተርጓሚ ነኝ፤ ስሜ አይጠየቅም፤
ቁጥሬን ነው የምናገር፤ መልኬም አይታወቅም።
የዛሬው ጥሪ የመጣው ከኦሮራ ነበር፣
ከሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ፣ ከአራተኛው መስኮት ዳር።
ከመስታወት ወዲህ ወይዘሮ አስካለ፤
ከወዲያ ሚስ ዴልጋዶ፤ መሐል የኔ ድምፅ አለ።
ሟቹ ይርዳው ይባላል፤ የኤርፖርት ሹፌር ነው፤
የሰው ሻንጣ ሲያወርድ ልቡ ነው የከዳው።

«አርባው ሞልቶለታል» ብላ አነበበች፤
እኔም ቃል በቃል። ወይዘሮዋ ዝም አለች።
«ኧረ አልሞላም» አለችኝ፣ «ዘጠኝ ቀን ይቀራል፤
ለቄሱ ነግሬያለሁ፤ አዳራሽ ተይዟል።»

እዚህ ላይ ደንብ አለ፦ አትጨምር፣ አትቀንስ።
ሁለት አርባ ተጋጭቶ እንዴት ዝም ብዬ ልመለስ?
«አስተርጓሚው ያስረዳ» ስል ፈቃድ ጠየቅሁ፤
የሩብ ዓመት አርባ እንጂ የተዝካር አይደለም አልሁ።
ዓመቱ አራት ሩብ አለው፤ ዐሥር ዓመት ከሠራ
አርባው ሞላ ይባላል በመንግሥት ቆጠራ።

«እድር ነው በለኛ!»
                    «እድር ነው» አልኳት፣
«ዳኛው ዋሽንግተን ያለ፣ ድንኳን የሌለበት።»

ያኔ ሳቀች፤ ያውም ጮክ ብላ።
«ፊካን ታውቃታለህ?» አለችኝ ቀጥላ፤
«በየሁለት ሳምንቱ ደሞዙ ሲመጣ
ፊካ የምትባል አለች፣ ድርሻዋን ይዛ የምትወጣ።
‹ውሽማህ ናት› እያልኩ ሃያ ሦስት ዓመት ስቀልድ፣
ለካ የኔው ኖራለች፤ የማላውቃት ዘመድ!»

ሚስ ዴልጋዶ «ምን አሳቃት?» ብላ ጠየቀችኝ።
ተረጎምኩት፤ ቀልዱ ግን መሐል መንገድ ከዳኝ።

ከዚያ ዝርዝሩ መጣ። ጡረታው ለብቻ፣
ለአካል ጉዳተኛ የሚከፈለው ለብቻ፣
የድኻው ድጎማ ከግብር ነው፤ ከይርዳው ሩብ አይደለም፤
ለሞቱ ሁለት መቶ ሃምሳ አምስት ዶላር፣ አንዴ ብቻ።
(«እድራችን ይበልጣል» አለች። ይህን አልተረጎምኩም።)

ከዚያ ደግሞ የ«ቀሪ»።
በዚህ ቃል ሁልጊዜ እሰናከላለሁ፤
ትምህርት ቤት ስም ሲጠራ ቀሪ ያልመጣው ነበር፤
እዚህ መጥታ የተቀመጠችውን ቀሪ ናት እላለሁ።

ልጃቸው ኤዶም ዐሥራ አራቷ ነው፤ ለእሷ እስከ ዐሥራ ስምንት፤
ለእናቲቱ ግን ልጅቷ ዐሥራ ስድስት እስኪሞላት።
ከዚያ ይቆማል።
ሲቆም ወይዘሮዋ ሃምሳ አራት ይሆናታል፤
ስልሳ ስትደፍን ደግሞ የመበለት ይጀምራል።

ስትቆጥር ሰማኋት፣ አንድ፣ ሁለት፣ እያለች፤
ስድስት ላይ ስትደርስ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«መሐሉንስ?»

«መሐሉንስ?» አልኩ እኔም፣ በእንግሊዝኛ።
ኪቦርዱ ዝም አለ።
በስልኩ ውስጥ፣ ከሩቅ፣ የበረዶ መጥረጊያ መኪና አስፋልቱን እየፋቀ አለፈ።
መሐል ሆኜ ጠበቅሁ፤
የሚተረጎም ነገር አልመጣም።