አረንጓዴው ክር

መስከረም ሲጠባ፣ ጭቃው ሲጠነክር፣
ለመኪናዬ ዘይት፣ ለመርፌዬም ክር
ሳዘጋጅ፣ ሂርማታ፣ ከች ይላል ከሱቄ
ሸምሱ፣ «ፈትሽልኝ» ብሎ፣ «አንተ ነህ ጥንቁቄ»።

ብርቱካንማ ጃኬት በጆንያ ታጭቆ፣
የዓሣ ሽታ ይዞ፣ ክረምት ሙሉ ማቅቆ፣
ከግልገል ግቤ ሐይቅ፣ ከጀልባው ማኅበር።

ማሰሪያውን በጉልበቴ ይዤ እስባለሁ፣
ዚፑን ሳሙና ቀብቼ እመልሳለሁ፣
ፀሐይ ያነጣውን በጥፍሬ እሞክራለሁ።
(ቀለሙ የሸሸ ጨርቅ፣ አቅሙም ሸሽቶታል፤
ዓይንህ ቢሸነግልህ፣ ጥፍርህ ይነግርሃል።)
ፊሽካውን እነፋለሁ፣ ጎረቤት ይስቃል።
ከዚያ በርሜል ውኃ፣ ከዚያ አንድ ድንጋይ፣
ከዚያ ቁጭ ብሎ ማየት፦ ይሰምጣል? ወይስ ላይ?

አሥራ አንዱ ተንሳፈፈ።
አሥራ አንድ።
«ሸምሱ፣ አንዱስ የታል?»
«መረብ ሊያነሣ ወጥቶ ናስሮ ለብሶታል።
አምና አንተ የሰፋኸው፣ ክሩ አረንጓዴ፣
ከሁሉም የሚያምረው...»
ባዶ ሆነ ሆዴ።

አምና ነው። ሐሙስ ነው። ገበያው ደርቷል፣
ሥራ ተደራርቧል፣ ብርቱካን ክር አልቋል።
የጃኬቱን ሆድ ዕቃ አይጥ ቦድሶታል፤
ደህና ፎም ፍለጋ ሦስት ሱቅ ዞሬያለሁ፣
«የለም» ተብያለሁ።
ከሶፋ የተረፈ ስፖንጅ ነበረኝ፣
ልስልስ ያለ፣ ጥሩ የሚሞላ።
አየሁት። እጄ ቀደመኝ።
በአረንጓዴ ክር፣ በድርብ፣ ቀጥ አድርጌ፤
እንደዚያ ያማረ ስፌት በዕድሜዬ አልሰፋሁም።
በርሜሉ ውስጥ ግን አልነከርኩትም።
«ይመስላል» አልኩኝ።
ውኃ መምሰልን አያውቅም።

ሱቄን ሳልዘጋ፣ ሜትሬ አንገቴ ላይ፣
ሰርቦን በየት በኩል እንዳለፍኩ እንጃ።
ከግድቡ ዳር ቆምኩ፣ በእጄ ፀሐይ ጋርጄ፤
ጀልባዋ ከወዲያ ገለባ ታክላለች፣
ነፋስ ተነሥቷል፣ ታዘማለች፣ ትቀናለች፣
እኔ እቆጥራለሁ፣ ምን እንደምቆጥር ሳላውቅ።

ደረሰ። ዘለለ። ሱሪው እስከ ጉልበት ርሷል፣
ጃኬቱ ደረቅ ነው።
«ኧረ ጋሼ መኪ! በሰላም ነው?» አለኝ።
አልመለስኩለትም። ከላዩ ገፈፍኩት፣
ከማሰሪያው ጫፍ ድንጋይ ቋጠርኩበት፣
ወረወርኩት።

መጀመሪያ ተንሳፈፈ፣ ሊያዋርደኝ መስሎ።
ከዚያ ጠጣ።
ጠጣ።
አረንጓዴው ስፌት፣ አንድም ሳይበጠስ፣
ቀጥ እንዳለ ወረደ።

ናስሮ አልተናገረም።
ውኃውን አየ፣ እኔን አየ፣
ቀስ ብሎ እጁን አንሥቶ
ቁልፉ የነበረበትን ደረቱን ዳሰሰ።